ተውላጠ ስምና የእህቷ እግር

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት የመጽሐፉን ሥራ ለመቆጣጠር ነው። በየቀኑ ስንት ገጽ እንደ ጻፍኩ ይመዘገብበታል፤ ሌላ ነገር አይገባበትም።

መጽሐፉ ስለ ዓረብኛ ተውላጠ ስም ነው፤ ለጀማሪዎች፣ አርባ ገጽ። አሳታሚዋ እስከሚቀጥለው ወር 20 ድረስ ካላስረከብኩ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደምትሰጠው ነግራኛለች። አብረን ስለተማርን እንዳሻት ትናገረኛለች። የፊተኛውን መጽሐፌን የገዙት እሷና እናቷ ብቻ እንደሆኑ፣ እናቷም እንዳልጨረሱት ነገረችኝ። ቀልድ መሆኑ ነው።

ባለቤቴ ዛሬ ጧት ወደ ታላቅ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ባለፈው ዓርብ ከደረጃ ወድቃ እግሯን ተጎድታለች፤ በጀሶ ሳይታሰር አይቀርም። አጠገቧ ሰው ያስፈልጋታል። ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ሁለት ሳምንት ብላ አልነገረችኝም፤ እኔ ነኝ አስልቼ ያገኘሁት። ትልቁን ሻንጣ ይዛ ሄዳለች። የእህቷ ቤት ብርዳም ነው።

ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ለሥራ ምቹ ነው። ሁለት ገጽ ተጻፈ።

ማክሰኞ 4

የክፍል ቀን። የማስተምርበት ክፍል ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ነው፤ እኛ ስናነብ የስፌት መኪናው ከሥር ይንጫጫል። ተማሪዎቼ ከሥራ መልስ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፦ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንድ ጡረተኛ፣ ሁለት እህትማማች ጨርቅ ነጋዴዎች፣ ሌሎችም። ባለቤቴም ተማሪዬ ናት። አዋላጅ ስለሆነች፣ ወደ ወሊድ ክፍሏም ዓረብኛ ብቻ የሚናገሩ ሴቶች እየበዙ ስለመጡ፣ ቋንቋውን ልማር ብላ ዘንድሮ ተመዘገበች። ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የሷ ነው። ዛሬ ባዶ ሲሆን አምስተኛ ጊዜው ነው። ምክንያቱ ይታወቃል፤ የእህቷ እግር ነው። (እህቷ የወደቀችው ባለፈው ዓርብ መሆኑ አልጠፋኝም። ከዚያ በፊት የቀረችው በሥራ ብዛት ይሆናል። ልጅ ቀጠሮ አክብሮ አይወለድም።)

ለብቻቸው የሚቆሙትን ተውላጠ ስሞች አስተማርኩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። "አና" እኔ ነው፤ "ነህኑ" እኛ። "አንታ"ና "አንቲ" ለኛ ጆሮ አዲስ አይደሉም፤ አንተና አንቺ ብሎ ያደገ ሰው ገና ሳይማራቸው ያውቃቸዋል። "አንቱማ" ላይ ስንደርስ ጡረተኛው እጁን አወጣና ለትልቅ ሰው አንቱ እንደማለት ነው ወይ አለኝ። አይደለም፤ ለሁለት ሰዎች ነው። ዓረብኛ ለሁለት ሰው የራሱ ተውላጠ ስም አለው፤ አንድም አይደሉም፣ ብዙም አይደሉም፣ ሁለት ናቸው። ጡረተኛው ከልቡ አዘነ። በሰባ ዓመቱ የሚያከብረው ቋንቋ ያገኘ መስሎት ነበር።

የጥንቶቹ የሰዋስው ሊቃውንት እኔን "ተናጋሪው" ይሉታል፤ አንተን "የሚያናግሩት"፤ እሱንና እሷን ደግሞ "የሌለው" ይሏቸዋል፤ በቦታው ያልተገኘ ማለታቸው ነው። ይህን ስል ሹፌሩ ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር አየ። ወደ ሰሌዳው እንዲመለከት ነገርኩት።

ዓርብ 7

ጥድፊያ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ምሳ ደረቅ ዳቦ። ሦስት ገጽ። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ተረኛ ትሆናለች።

እሑድ 9

ተለጣፊዎቹን ጀመርኩ። ለኛ ይቀሉናል። ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤትሽ ስንል "የኔ" እና "ያንተ" የሚለው ከቤቱ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ዓረቡም እንዲሁ ነው፦ በይቲ፣ በይቱከ፣ በይቱኪ። ከስም ጋር ይለጠፋል፤ ከግስ ጋር ይለጠፋል፤ ከ"ጋር"ና ከ"ለ"ም ጋር ይለጠፋል። ብቻውን ግን አይቆምም።

ለተማሪ የሚሆኑ ቀላልና ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ምሳሌዎች ጻፍኩ፦ ቁልፏ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጫማዋ ከበሩ ሥር የለም። ጠበቅኋት። አልጠራችኝም። መሐረቧን አገኘሁት። ለማን ልስጠው? መልካም ምሳሌዎች ናቸው፤ በስድስት ዓረፍተ ነገር ከስምም ከግስም ጋር ሲለጠፍ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን አነሳችልኝ። እግሩ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ ይሻላታል አለች። መቼ ነው የሚድነው ስላት "እግር ነው እንግዲህ፣ ምን ይታወቃል" አለችኝ። የተጎዳው ቁርጭምጭሚቷ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ማለት ይሻላል አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ። የዛሬ ዘመን ኔትወርክ እምነት የለውም።

ሐሙስ 13

ደረጃውን ስወጣ ሁለቱ ጨርቅ ነጋዴዎች ከፊቴ ነበሩ፤ አላዩኝም። ታናሽየዋ "የገዛ ሚስቱን እንዲያ ካደረገ እኛንማ አያድርስ ነው" ትላለች። ታላቋ "ዝም በይ፣ ይሰማል" አለቻት። ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። ሰፈሩ ባለትዳር የሞላበት ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

ሆኖም ነገሩ እንዳይዛባ እዚህ ልመዝግበው። የዛሬ ወር ገደማ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር፦ ተውላጠ ስም እየተጠቀማችሁ ለአንድ ሰው አሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከመጡት ወረቀቶች ስህተት የበዛበትን አንዱን መርጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አነበብኩት። ስም አልጠራሁም። አሥራ አራት ስህተት ነበረበት። ጸሐፊዋ ወንድ እያናገረች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሴት ተውላጠ ስም ተጠቅማለች፤ አንተ በማለት ፈንታ አንቺ፣ ካንተ በማለት ፈንታ ካንቺ። "ይህ ሰውዬ ሳያውቀው ቀሚስ ለብሷል" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ሳቅ ትምህርትን ያጸናል። ስህተትን የማያሳይ አስተማሪ ምኑን አስተማሪ ሆነ?

ወረቀቱ የባለቤቴ ነበር። ግን ስም አልጠራሁም።

ቅዳሜ 15

አሳታሚዋ አሥራ ስምንቱን ገጽ ልታይ መጣች። ወንበሮቹ ሁሉ ወረቀት ተቆልሎባቸው ስለነበር ቆማ ማንበብ ጀመረች። ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ከፊተኛው በጣም ይቀላል አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥላ ምሳሌዎቹን አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

"ሄደች። አልተመለሰችም። ኮቷ እዚህ ነው። ድምፅዋን አልሰማሁም። አንተ ሰውዬ፣ ይህን መጽሐፍ የሚገዛው ሰው ተውላጠ ስም ሊማር እንጂ ሊያለቅስ አይደለም" አለችኝ።

ምሳሌ ምሳሌ ነው አልኳት። ሚስትህ ደህና ናት ወይ አለች። ስለ እህቷ እግር ነገርኳት። እስከ ደረጃው ሸኘኋት፤ ቀስ እያለች ወረደች፤ ሁለት ጊዜም ወደኋላ ዞር ብላ አየችኝ።

ምሳሌዎቹን ለመለወጥ ሞከርኩ። "ድመቷ ወተቷን ጠጣች" ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። እኛ ቤት ድመት የለም።

ማክሰኞ 18

መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ የተሰበረ አጥንት ስድስት ሳምንት ይፈልጋል ይላል። እንግዲያው ሁለት ሳምንት ያልኩት ስሌት ስህተት ነበር። የራሴው ስህተት ነው። ስድስት ሳምንት።

ሐሙስ 20

ከክፍል በኋላ ሹፌሩ ደብተሩን ሲያጣጥፍ ቆየ፤ ሌሎቹ እስኪወጡ እየጠበቀ መሆኑ ገባኝ። ባለቤትዎ በየቀኑ በኔ አውቶቡስ ነው የሚሄዱት አለኝ። ሆስፒታሉ ፌርማታ ነው የሚወርዱት፤ ከኋላ ተቀምጠው ሕፃን ካዘሉ የዓረብ ሴቶች ጋር መንገዱን ሙሉ ያወራሉ። እኔ ሁለት ዓመት ተምሬ እስከ ሃያ መቁጠር ብቻ ነው የቻልኩት፤ እሳቸው በስድስት ወር ወሬ ጀመሩ አለኝ።

አሁንም ወንድና ሴት ታደባልቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሹፌሩ ጥቂት አየኝ።

"መምህር፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ በመስታወት የማየው ይህን ነው" አለኝ።

ጥያቄዬን አልመለሰልኝም። ብዙ ሰዎች የተጠየቁትን የመመለስ ልምድ የላቸውም።

እሑድ 23

እህቷን ልጠይቅ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ተረኛ ሆና አልነበረችም። እመጣለሁ ብዬ ቀደም ብዬ መደወሌ መልካም ነበር፤ ባይሆን ኖሮ ማንንም አላገኝም ነበር።

እትዬ ቀኝ እግሯን በፋሻ ጠቅልላ፣ እያነከሰች በር ከፈተችልኝ። የተጎዳው ግራው ይመስለኝ ነበር፤ በስልክ የሰማሁት ተዛብቶብኝ ይሆናል። ጀሶ አለመሆኑ ገረመኝ፤ የዛሬ ሕክምና ረቋል። ወንበር ሳበችልኝ፣ ውሃ ቀዳችልኝ፣ ሥራ እንዴት ነው አለችኝ። ስለ ተለጣፊ ተውላጠ ስሞች አጫወትኳት። አንድ ጊዜ የሚጮኽ ድስት ለማውረድ ስትነሳ እግሯን ረስታ ብድግ ብላ ሄደች፤ ስትመለስ ግን አነከሰች። ሕመም ይመጣል ይሄዳል።

የባለቤቴ የዓረብኛ ደብተር መስኮቱ ላይ ነበር። ገለጥኩት። አብዛኛው የኔ ትምህርት አይደለም፤ ከሴቶቹ የሰማችው ነው፦ ተንፍሺ፣ አሁን ግፊ፣ ጎበዝ፣ ደረሰልሽ፣ ውሃ ልስጥሽ? እትዬ ወጥ ቤት ሳለች አንድ ቦታ በእስክሪብቶ አረምኩ። ትንሽ ነገር ናት፤ አንዲት አናባቢ።

ወጥቼ ስሄድ እትዬ በመስኮት ታየኝ ነበር። ዞሬ እጄን አነሳሁላት። ፋሻዋን እየፈታች ነበር።

ረቡዕ 26

ሥውሩ ተውላጠ ስም ላይ ደርሻለሁ። የማይጻፍ፣ የማይነገር፣ ግን ያለ ነው። "ኡክቱብ" ጻፍ ማለት ነው፤ አንተ የሚለው በውስጡ ተደብቋል። በኛም ቋንቋ ዝጊ ሲባል አንቺ የሚለው ውስጡ አለ።

አሥር ምሳሌ በአምስት ደቂቃ እንደ ውሃ ወረደልኝ። በሩን ዝጊው። መነጽሬን አምጪልኝ። ሬዲዮኑን ቀንሺው። እዚያ አስቀምጪው። መብራቱን አታጥፊው። ቆዪ፣ እየጻፍኩ ነው። ኋላ ንገሪኝ። እስክሪብቶዬን ማን ወሰደው፣ ፈልጊልኝ። አትቁሚብኝ። እሺ፣ ኋላ።

በዚህ ፍጥነት ምሳሌ ጽፌ አላውቅም። ከየት መጡ ብዬ ሳስብ ቆየሁ። ከሌላ ከየትም አልመጡም፤ በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሃያ ስድስት ዓመት ያልኳቸው ናቸው። እንዴት ዋልሽ የሚል አንድ መጨመር ፈለግሁ። ግን ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ለዚህ ምዕራፍ አይሆንም።

ቧንቧው አሁንም ይንጠባጠባል። ሰው መጥራት አለብኝ።

ማክሰኞ 2

አዲስ ወር። ዛሬ የመጡት ስድስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ጡረተኛው አሞታል ተባለ። ሌሎቹ አራቱ ምክንያት አልላኩም።

የቤት ሥራ ሰብስቤ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ጻፉ። ኪታቢ፣ ኪታቡከ። መጽሐፌ፣ መጽሐፍህ። ከመማሪያው የገለበጡት ነው። አንድም ስህተት የለበትም። ከራሳቸው አንድ ቃል እንኳ የጨመረ የለም። ታናሽየዋን ጨርቅ ነጋዴ ለምን የራስሽን አልጻፍሽም ስላት ወደ እህቷ አየችና "ይቅርብኝ መምህር" አለችኝ።

ገጽ፦ ሃያ ዘጠኝ። ማረም ይቀረኛል።

ዓርብ 5

ዛሬ የሆነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ሄጄ እትዬን አየኋት። ግማሽ ኩንታል የሚሆን የድንች ጆንያ ታቅፋ በሁለት ደህና እግሯ ወደ ጋሪ ትሮጣለች። ስታየኝ ጆንያውን አስቀመጠች። ከዚያ በግራ እግሯ ማነከስ ጀመረች።

እትዬ፣ ባለፈው ስመጣ ቀኙ ነበር አልኳት።

ጥቂት አየችኝና ማነከሷን ተወች። ጆንያው ላይ ተቀመጠች፣ እኔንም አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ሰው ይገፋናል፣ ጋሪ ያልፋል። ስብራት አልነበረም፤ ወለም ብሏት ነበር፣ በሳምንቱ ድኗል። ባለቤቴ ግን ሻንጣዋን ይዛ መጥታ "እዚህ ልቆይ" አለቻት። ለምን ስትላት "ቤት ውስጥ ስናገር እየተቆጠረብኝ ነው" አለች። እኔ ስደውል ስለ እግር ብቻ ነው የምጠይቀው። እናም ሁለቱ እህትማማቾች ተስማሙ፤ እግሩ ይቆይ።

"ፋሻውን ያሰርኩት ላንተ ብዬ ነው ወንድሜ። የምታሳዝን መስለኸኝ። ሚስቱ ሄዳ ስለ እግር የሚጠይቅ ሰው ፊት ድኜ ብቆም ምን ይውጥሃል?"

እኔ ያደረግሁት የማስተማር ሥራ ነው ለማለት ሞከርኩ። አላስጨረሰችኝም። ሰው ፊት አስቀሃታል፤ ያሳቅኸው ደግሞ ቤት ውስጥ ልትነግርህ ፈልጋ ያልሰማሃትን ነገር ነው አለችኝ። ያን እሑድ ደብተሯ ላይ ያረምኩትን ባለቤቴ ስታየው ብቻዋን ሳቀች፤ ቀጥላ ደግሞ አለቀሰች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንተ ሁለቱም ደርሶብሃል አለችኝ፤ ራሴን እያየች። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ።

ጆንያውን እስከ ጋሪው ተሸከምኩላት። ከባድ ነበር።

ቅዳሜ 6

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የተማሪ ወረቀት አልጥልም፤ ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ አገኘሁት። ቀይ እስክሪብቶዬ ከላይ እስከ ታች አጥለቅልቆታል። ከላይ "አሥራ አራት" ብዬ ከብቤበታለሁ። ከቀዩ በታች ያለውን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ነበረብኝ።

ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለክፍል አንብቤዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። ወደኛ ቋንቋ መልሼ፣ አንቺ ያለችኝን አንተ ከማለት በቀር ሳላርም፣ እንዲህ ገለበጥኩት፦

"ላንተ እጽፋለሁ። ዛሬ አንዲት ሴት እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ከአንቺ ጋር ነኝ አልኳት። ይህን ቃል አንተ አስተማርከኝ። እሷ አለቀሰች፣ ልጅዋ ተወለደ። ቤት መጥቼ ልነግርህ ፈለግሁ። አንተ ትጽፍ ነበር። ኋላ አልከኝ። እኔ ካንተ ጋር ነኝ። አንተ ከማን ጋር ነህ?"

አሥር ዓረፍተ ነገር። የታዘዘው አሥር ነበር።

የተሳሳተችበትም ምክንያት አሁን ገባኝ። ዓረብኛ የምትናገረው ምጥ ላይ ካሉ ሴቶች ጋር ብቻ ነው። ወንድ አናግራ አታውቅም። እኔን ለማናገር ስትፈልግ ያላትን ደግ ቃል ሁሉ ከዚያ ክፍል ይዛልኝ መጣች። እኔ ደግሞ ቀሚስ ለብሷል አልኩ።

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም።

እሑድ 7

አልጻፍኩም። ልደውል ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ስለ ምን ልጠይቅ? እግሩ ድኗል።

ማክሰኞ 9

ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ቆሜ ተናገርኩ። ያን ቀን ያነበብኩላችሁ የቤት ሥራ ደብዳቤ ነበር፤ የተጻፈውም ለኔ ነበር፤ ለእናንተ ማንበብ አልነበረብኝም፤ ያሳቅኋችሁም በነውር ነው አልኳቸው።

ከሥር የስፌት መኪናው ቆሟል፤ ልብስ ሰፊው የሚያዳምጥ ይመስለኛል። ታናሽየዋ ጨርቅ ነጋዴ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ይቅርታዎን ሰማን። ግን ይህን የሚነግሩት ለኛ ነው እንዴ?"

ልክ ናት። ሹፌሩ ዓርብ በአሥር ሰዓት የሚነሳው አውቶቡስ የሱ መሆኑን፣ ሆስፒታሉ ፌርማታ ላይም እንደሚያወርደኝ ነገረኝ። ጠይቄው አልነበረም።

ረቡዕ 10

አሳታሚዋ ደወለች። ሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንደቆምኩ፣ ለ20 እንደማይደርስ ነገርኳት። ምን ሆንክ አለች። የተናገርኩት ምክንያት ሁሉ ልክ ስላልነበረ "ሚስቴ ሄዳብኛለች" አልኳት። ቃሉን ድምፅ አውጥቼ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልችልም አለች።

ዓርብ 12

ሹፌሩ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረደኝ። በመስታወት እያየኝ በርታ በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ።

የወሊድ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ አባቶች የሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ወጣት ሰው ተቀምጧል። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት በዓረብኛ ትጮኻለች፤ ቀጥሎ የባለቤቴ ድምፅ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በሥራ ላይ የሰማኋት። ሃያ ስድስት ዓመት ከዚህች ሴት ጋር ኖሬ ይህን ድምፅ አላውቀውም ነበር። አይቸኩልም፣ አይለማመጥም። ተንፍሺ ትላለች፤ አሁን አትግፊ፤ አለሁ፤ የት እሄዳለሁ።

እውነቱን ልጻፍ፤ መጀመሪያ ስህተቶቿን ቆጥሬያለሁ። አራት ስደርስ ሴትየዋ በምጥ መሐል ሳቀች። ባለቤቴ የሆነ ቀልድ ነግራታለች፤ እኔ ቀልዱን አልያዝኩትም፤ የሰፈር ዓረብኛ ስለሆነ አላውቀውም። ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም።

ወጣቱ በዓረብኛ፣ አዋላጇን ታውቃታለህ ወይ አለኝ። እህቱም የወለደችው በሷ እጅ ነው፤ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ስለ እሷ ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ንግግሯ ደስ ይላል አለኝ። ሚስቴ ናት አልኩት፣ በዓረብኛ። ሠላሳ ዓመት ስተነትነው በኖርኩት ቋንቋ ለመጨረሻ ጊዜ ለሰው እውነተኛ ነገር የነገርኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ወጣቱ ተነስቶ እጄን ጨበጠኝ። እጁ ላብ በላብ ነበር።

ልጁ ተወለደ። ሁላችንም ሰማነው። ወጣቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ እጇን እያደረቀች ወጣች። አየችኝ። ፈገግም አላለችም፣ አልተቆጣችምም፤ ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በመሐከላችን አንድ ሰው ይቀመጣል።

"ወረቀትሽን አነበብኩት" አልኳት።

"አውቃለሁ። ለአሥራ አንድ ሰው ነው ያነበብከው።"

"ያኔ አላነበብኩትም። አረምኩት እንጂ።"

ጫማዋን አየች። ምን ይላል አለችኝ። ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው ዓረፍተ ነገር በቃሌ ነገርኳት፤ የሴቲቱን እጅ፣ የልጁን መወለድ፣ እኔ ኋላ ማለቴን። ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ።

"አሥረኛው ጥያቄ ነው" አለች።

"መልሱ ነው ያቃተኝ። ከማንም ጋር አልነበርኩም። ካንቺም፣ ከመጽሐፉም። ደብተሬን ባሳይሽ ይገባሻል።"

ይቅርታ አልኳት። ሰው ፊት ስላሳቅሁባትም፣ ከዚያ በፊት ስለነበሩት ዓመታትም። ተቀብያለሁ አላለችም። አሁን ወደ ቤት ነይ አትበለኝ፣ አልመጣም አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልጠይቅሽ ታዲያ ብዬ አሰብኩ፣ ጠየቅኋትም።

"ቀኑ እንዴት ዋለልሽ?"

መጀመሪያ በሁለት ቃል መለሰችልኝ። ቀጥሎ ስለ ሌሊቱ ተረኛ፣ ስለ መንታዎቹ፣ ስለ አንዲት ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ስለ ሐኪሙ ጉራ፣ ስለ ወገቧ ሕመም ነገረችኝ። ወገቧን እንደሚያማት አላውቅም ነበር፤ ሦስት ዓመቱ ነው አለች። እየነገረችኝ እስከ ፌርማታው ሄድን፤ እዚያም ቆመን ቀጠለች። ወደ እህቷ ሰፈር የሚሄድ አንድ አውቶቡስ መጥቶ አለፈ። እኔ አንድም ቃል ጣልቃ አላስገባሁም። አንድ ቦታ ላይ ላስገባ ነበር፤ ዋጥኩት።

ሁለተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ተሳፈረች። በሩ ከመዘጋቱ በፊት "ነገ በአሥር ሰዓት ነው የምወጣው" አለችኝ። ና አላለችኝም፤ አትምጣም አላለችኝም።

በዘጠኝ ሰዓት እዚያ እገኛለሁ።